ለአበባችን የቱ ይሻላል፤ ፍግ ወይስ የፋብሪካ ማዳበሪያ?

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ ክትባት ነው። ዛሬ ስለ አበባ ማዳበሪያ ስንጽፍ «ይህ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ያገናኘው የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት እየጮኸች ስልክ ደወለችልኝ። የሦስት ዓመት ልጇ በረንዳ ላይ ከተቀመጠ የውሃ ጠርሙስ ሰማያዊ ነገር ጠጥቶ፣ አገጩና ልብሱ በሰማያዊ ተለውሶ አገኘችው። በጠርሙሱ ውስጥ የነበረው አያትየው ለጽጌረዳቸው በጥብጠው ያስቀመጡት የፋብሪካ ማዳበሪያ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ የጠጣው ጥቂት ስለነበረ ሆስፒታል ውስጥ ጥቂት ሰዓት ክትትል ተደርጎለት በሰላም ወደ ቤቱ ተመለሰ። እናትየው በዚያው ቀን የማዳበሪያውን ከረጢት አውጥታ ጣለችና «ከዛሬ ጀምሮ ኬሚካል የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም፤ የተፈጥሮ ብቻ!» አለች።

አያትየውም እሺ ብለው ከአንድ ሞሻቭ ትኩስ የዶሮ ኩስ በጆንያ አስመጡ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ ጎረቤቱ በሽታው ተማሯል፤ ዝንብ ቤቱን ሞልቶታል፤ የጽጌረዳው ቅጠል ዳር ዳሩ እሳት እንደነካው ደርቋል። እሳቸውም አውራ ጣታቸውን እሾህ ወግቷቸው በጨርቅ ጠቅልለውታል። «አባባ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰዱት መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እኔ እንጃ ልጄ! ስንመጣ ወግተውን አልነበር?» አሉኝ። እሳቸው የመጡት በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ነው።

ያ ቤተሰብ ከአንዱ ማዳበሪያ ሸሽቶ ወደ ሌላው ሲሄድ አደጋውንም ቀየረው እንጂ አልተገላገለውም። «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ስም አንድን ነገር ደህና አያደርገውም፤ «የፋብሪካ ነው» የሚለውም ብቻውን መርዝ አያደርገውም። የምንመርጠው የአፈራችንን ዓይነት፣ የምንተክልበትን ቦታና በቤታችን ያሉትን ሰዎች አይተን ነው።

አበባው የሚበላው ምንድን ነው?

ተክል ምግቡን ከአፈር የሚወስደው በውሃ ሟሙቶ ነው። ናይትሮጅን ከላም እበት መጣ፣ ከፋብሪካ መጣ፣ ሥሩ ዘንድ ሲደርስ በአብዛኛው ናይትሬት ወይም አሞኒየም ሆኖ ነው የሚገባው። ልዩነቱ በፍጥነቱና አብሮት በሚመጣው ነገር ላይ ነው። የፋብሪካው ውሃ እንደነካው ይሟሟል፤ ተክሉም በቀናት ውስጥ ያገኘዋል። ፍግና ኮምፖስት ግን በአፈር ውስጥ ያሉ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን እስኪያበሰብሱት ድረስ ቀስ እያለ፣ ለወራት ይመግባል። በተጨማሪም አሸዋማውን አፈር ውሃ እንዲይዝ፣ ጭቃማውን ደግሞ አየር እንዲያገኝ ያደርገዋል። ይህን የፋብሪካው ማዳበሪያ አይሠራም።

«ሰው ሠራሽ» የሚለው ስም ራሱ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ናይትሮጅኑ በእርግጥ የፋብሪካ ሥራ ነው። ፍሪትዝ ሃበር የተባለው ኬሚስት በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ካርል ቦሽ ደግሞ በ1913 በፋብሪካ እንዲመረት አደረገ። ፖታሲየሙ ግን እዚሁ አገራችን ከሙት ባሕር ውሃ በፀሐይ እየተነነ የሚወጣ ጨው ነው። ፎስፎረሱም በኔጌቭ ከሚቆፈር ድንጋይ ይወጣና በፋብሪካ በአሲድ ይዘጋጃል።

በከረጢቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ 20-20-20። የመጀመሪያው ናይትሮጅን (በዕብራይስጥ ኻንካን)፣ ሁለተኛው ፎስፎረስ (ዛርኻን)፣ ሦስተኛው ፖታሲየም (አሽላጋን) ነው። ናይትሮጅን ለቅጠል፣ ፎስፎረስ ለሥርና ለአበባ፣ ፖታሲየም ለተክሉ ጥንካሬና ለአበባው ጥራት ይረዳሉ። በኢትዮጵያ ገበሬ የነበሩ አባቶቻችን ዳፕና ዩሪያን ያስታውሱ ይሆናል፤ ዳፕ 18-46-0፣ ዩሪያ 46-0-0 ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ ስለሆነ ለአበባ ብቻውን አይመከርም። «ጽጌረዳዬ ቅጠሉ አማረ፣ አበባው ግን የለም» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን ያበዙ ናቸው።

አሁን መጠኑን እንመልከት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በአንድ ኪሎ 20-20-20 ውስጥ 200 ግራም ናይትሮጅን አለ። በአንድ ኪሎ የበሰለ የላም ፍግ ውስጥ ግን ያለው ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ እፍኝ ፍግና አንድ እፍኝ የፋብሪካ ማዳበሪያ አንድ አይደሉም። የፋብሪካው ማዳበሪያ በባሕርይው ጨው ነው። የተከተፈ ጎመን ላይ ጨው ስንነሰንስ ውሃው እንደሚወጣ ሁሉ፣ የበዛ ማዳበሪያም ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ ተክሉ ውሃ እየጠጣ በጥም ይደርቃል። ለሚሟሟው ዓይነት አንድ ደልደል ያለች የሻይ ማንኪያ ለ5 ሊትር ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ከዚህ የተለየ ከሆነ የከረጢቱን ይከተሉ፤ ካነሰ ግን ምንም አይጎዳም። ሁልጊዜም መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አጠጥተው፣ ከዚያ ማዳበሪያውን ይስጡ። በሻራቭ ቀን በጭራሽ አይስጡ።

አመድና የቡና አተላ

በጎንደር ገጠር ያደገ ሰው የጓሮ አፈር ጥቁርና ለም መሆኑን ያውቃል። የቤት ጥራጊ፣ እበትና የምድጃ አመድ እዚያ ይደፋል፤ ጎመኑም ቃሪያውም እዚያ ያምራል። ልምዱ ትክክል ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ቦታ ዝናቡ አፈሩን እያጠበ አሲዳማ ያደርገዋል፤ አመድ ያንን አሲድ ያለዝባል፣ ፖታሲየምም ይጨምራል።

እዚህ ግን አፈሩ ሌላ ነው። በእስራኤል አብዛኛው አፈር ከኖራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ አሲድ የለውም፤ የቧንቧው ውሃም ኖራ አለበት፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። በባሕር ዳርቻው በኩል ያለው ቀይ አሸዋማ አፈር፣ ሐምራ የሚባለው፣ ኖራው ያነሰ ነው። በተረፈው ቦታ አመድ ስንጨምር በኖራ ላይ ኖራ እንደመጨመር ይሆናል፤ ያን ጊዜ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ይታሰርና ሥሩ ሊያገኘው አይችልም።

ምልክቱ ግልጽ ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች ይቢጫሉ፤ ሥራቸው ግን አረንጓዴ ሆኖ እንደ መረብ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ራበው» ብሎ ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ፍግም ሆነ የፋብሪካ 20-20-20 ግን ይህን ቶሎ አያድነውም። የሚያድነው የብረት ኬሌት ነው። የችግኝ መሸጫው (ማሽቴላ) ሄደው «ኬላት ባርዜል» ቢሉ ቀላ ያለ ዱቄት ይሰጥዎታል፤ ኖራ ለበዛበት አፈር የሚሆነውን ብለው ይጠይቁ። ልብስና ንጣፍ ያቀልማል። ብረት ለሕፃናት አደገኛ ስለሆነ ከፍ ያለ ቦታ፣ ቢቻል ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። የማንጋል አመድማ ጭራሽ አበባ አጠገብ አይድረስ፤ ስብ፣ ጨውና የእሳት ማቀጣጠያ አለበት።

የቡና አተላ ጥሩ ነገር ነው፤ ናይትሮጅንም አለው። ሆኖም በየቀኑ በአንድ ዕቃ ላይ ከተደፋ ይጋገርና ውሃ አላስገባ ይላል። ከደረቀ ቅጠልና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ተደባልቆ ቢበሰብስ ይሻላል። በጨው ቡና የሚጠጡ ቤተሰቦች ግን አተላውን አበባ ላይ አይድፉት። በረንዳ ላይ ያለ አበባ ዝናብ ስለማያጥበው ጨዉ እዚያው ይከማቻል።

ትኩስ ፍግና ጤናችን

ብዙዎቻችን አበባ ስንተክል ጽጌረዳና ያስሚን ብቻ አንተክልም። መሐል ላይ ጤና አዳም አለ፣ በሶብላ አለ። ጤና አዳሙ ተቀጥፎ ስኒ ውስጥ ይገባል፤ ሕፃን ሆዱን ሲያመውም ይሰጠው የነበረው እሱ ነው። (ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ጤና አዳም መስጠት ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ሐኪም ሳይጠይቁ አይስጡ።) ስለዚህ የአበባ ቦታችን በከፊል የምግብ ቦታ ነው፤ ማዳበሪያውንም በዚሁ ዓይን ማየት አለብን።

በትኩስ ፍግ፣ በተለይም በዶሮ ኩስ፣ ሳልሞኔላ የተባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። በላም ፍግ ውስጥ ደግሞ ኩላሊትን የሚጎዳ የኢ ኮላይ ዓይነት ይገኛል፤ ከሁሉ የሚጎዳውም ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ነው። የአሜሪካ ኦርጋኒክ ገበሬዎች ሕግ ፍሬው ወይም ቅጠሉ አፈር የሚነካ ተክል ላይ ጥሬ ፍግ ከተደረገ ከ120 ቀን በፊት እንዳይለቀም ያዛል። እኛም በጤና አዳሙና በበሶብላው አጠገብ ጥሬ ፍግ ባናደርግ ይሻላል። በተጨማሪ ትኩስ የዶሮ ኩስ አሞኒያ ስለሚበዛበት ሥር ያቃጥላል፤ የአያትየው ጽጌረዳ የደረቀውም በዚሁ ነው።

በሰሎ የተሸጠ ኮምፖስት የተለየ ነው። በትክክል የተሠራ ኮምፖስት ክምሩ ከ55 ዲግሪ በላይ ግሎ ለቀናት ይቆያል፤ ሙቀቱም አብዛኛውን ጀርም ይገድላል። በቤት የምንሠራው ትንሽ ክምር ግን ብዙ ጊዜ ይህን ያህል አይግልም። ስለዚህ ሥጋ፣ የሕፃን ዳይፐርና የድመት ወይም የውሻ ኩስ አይግባበት። የእንጀራና የዳቦ ትርፍ አይጥ ስለሚጠራ በጥቂቱ፣ ያውም መሐል ላይ ተቀብሮ ይሁን። ክምሩ ጥቁር ሆኖ፣ የዝናብ ጊዜ አፈር እየሸተተ፣ ምን እንደነበረ የማይታወቅ ሲሆን ደርሷል ማለት ነው። የሚከረፋ ከሆነ አልደረሰም፤ ደረቅ ቅጠል ጨምረው ያገላብጡት።

በእጅ ስለሚሠራው ሥራ ጥቂት ልበል። የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም በአፈርና በፍግ ውስጥ ይኖራል፤ በትንሽ የእሾህ ቀዳዳ ይገባል። ክትባቱ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል፤ በአፈር ወይም በፍግ የቆሸሸ ቁስል ከሆነና ካለፈው ክትባት 5 ዓመት ካለፈ ደግሞ ቶሎ መውሰድ ያስፈልጋል። መቼ እንደወሰዱ ካላስታወሱ አያፍሩ፤ የኩፓት ሖሊም ነርስ መዝገቡን አይታ ትነግርዎታለች። አያትየውም በማግሥቱ ሄደው ተወጉ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በባዶ እግሩ ወይም በሰንደል አበባ ቦታ ውስጥ አይቁም፤ እግሩ ሲወጋ ላይሰማው ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት አፈር ስትነካ ጓንት ታድርግ፤ በየሰፈራችን ድመት ብዙ ነው፤ በኩሳቸው የሚተላለፈው ቶክሶፕላዝማ ፅንስን ይጎዳል። የአፈር ወይም የኮምፖስት ከረጢት ሲከፍቱ ፊትዎን ራቅ አድርገው፣ አየር ባለበት ቦታ ይሁን፤ ሲገለብጡትም ውሃ ረጨት ያድርጉበት። ከደረቀው አቧራ ጋር ሳንባ የሚያሳምም የሌጅዮኔላ ዓይነት የሚተነፈስበት ጊዜ አለ። ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ።

እንግዲህ የቱን እንግዛ?

መሬት ላይ ለሚተከል አበባ የእኔ ምርጫ ኮምፖስት ነው። ከሱኮት በኋላ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አልብሰው ከላይኛው አፈር ጋር ይደባልቁት፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 30 ሊትር ገደማ ማለት ነው። በክረምት የተገረዘ ጽጌረዳ አዲስ ቅጠል ሲያወጣና ደከም ያለ ሲመስል ብቻ የፋብሪካውን በጥቂቱ ቢጨምሩለት ክፉ አይደለም። ኔጌቭ ውስጥ ላሉ ቤተሰቦች ኮምፖስቱ እጥፍ ይጠቅማል፤ የዚያ አካባቢ አፈር ዝናብ ሲመታው ላዩ ይጋገራልና።

በዕቃ ለሚተከል፣ በተለይ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ ነገሩ ሌላ ነው። አፈሩ ጥቂት ነው፤ ውሃ ባጠጣን ቁጥር ምግቡ ታጥቦ ይወጣል። ፍግ ደግሞ ይሸታል፣ ጎረቤትም ያጣላል። እዚህ ላይ ቀስ ብሎ የሚሟሟውን የፋብሪካ ፍሬ (ሺሕሩር ኢቲ) እመርጣለሁ። አንዴ ከተደረገ ለወራት ይቆያል፤ በጠርሙስ መበጥበጥም ይቀራል። ሕፃን ለቅሞ እንዳይበላው ግን ከላይ መበተን ሳይሆን ከአፈሩ ጋር መደባለቅ ነው። በዕቃው ዳር ነጭ የጨው ቅርፊት ካዩ ማዳበሪያውን ያቁሙና ከሥር እስኪፈስ ድረስ ደጋግመው ብዙ ውሃ ያጠጡ።

ጤና አዳም፣ ሮዝመሪና ላቬንደር በባሕርያቸው ድንጋያማና ደካማ መሬት የለመዱ ናቸው። ለእነሱ በዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ኮምፖስት በቂ ነው። ብዙ ካበሏቸው ይለመልማሉ እንጂ ሽታቸው ይለዝባል።

«የፋብሪካ ማዳበሪያ ካንሰር ያመጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ በየስብሰባው ይነሳል። ብዙ ጊዜ ጠያቂው ማዳበሪያንና የተባይ መርጫን አንድ አድርጎ ነው። ማዳበሪያ (ዴሼን) የተክል ምግብ ነው፤ የተባይ መርጫ (ሪሱስ) ግን መግደያ ነው። አንዳንድ የጽጌረዳ ምርት ሁለቱም የተቀላቀሉበት ስለሆነ ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ያስነብቡት፤ እንዲህ ያለውን ጤና አዳም አጠገብ አያድርጉ። የማዳበሪያው ትክክለኛ ችግር ሲበዛ ነው። ያልተበላው ናይትሬት ከውሃ ጋር ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል፤ በባሕር ዳርቻው ሜዳ ናይትሬት በዝቶባቸው ለመጠጥ የተዘጉ ጉድጓዶች አሉ። በእስራኤል ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው በሊትር እስከ 70 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ከመጠን በላይ የተደፋ ፍግም ይህንኑ ያደርጋል።

ጠርሙሱን በተመለከተ

የተበጠበጠ ማዳበሪያ አይቀመጥም። የሚያስፈልገውን ያህል በጥብጠው፣ አጠጥተው፣ የተረፈውን ሌላ ተክል ላይ ያፍሱት። በውሃ፣ በኮላ ወይም በጭማቂ ጠርሙስ ውስጥ በጭራሽ አይግባ፤ ጽሑፍ ለጥፈውበትም ቢሆን፤ የሦስት ዓመት ልጅ አያነብምና። ዱቄቱም በራሱ ከረጢት እንዳለ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ናይትሬት በብዛት ሲዋጥ ደም ኦክስጅን የመሸከም ኃይሉን ያዳክማል፤ በጨቅላ ሕፃናት ላይ ደግሞ ይበረታል።

ልጅ ከጠጣ እንዲያስመልሰው አያስገድዱት፤ ጣት አያስገቡ፤ «ያጥበዋል» ብለው ብዙ ወተት አያጠጡት። አፉን በውሃ ያጽዱ፤ ከረጢቱን ይያዙና በሃይፋ በራምባም ሆስፒታል ወዳለው የመርዝ መረጃ ማዕከል በ04-7771900 ይደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ። ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ካንቀላፋ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ግን ቀጥታ ለማጌን ዳቪድ አዶም 101 ነው። ሆስፒታል ሲሄዱ ከረጢቱን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ነበር የጠጣው?» ብሎ ነው። ያቺ እናት ከረጢቱን የጣለችው ከሆስፒታል ከተመለሰች በኋላ መሆኑ በጃት።

በመጨረሻ የሽሚታን ነገር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። በሽሚታ ዓመት መሬት ማዳበር ከተከለከሉት ሥራዎች አንዱ ነው፤ ለአበባ ቦታም ይሠራል። ያለፈው ሽሚታ ከ2021 እስከ 2022 ነበር፤ የሚቀጥለው በሮሽ ሃሻና 2028 ይጀምራል። ሽሚታን የሚያከብር ቤተሰብ የመሬቱን ኮምፖስት ከዚያ በፊት ባለው ወቅት ይጨርስ። ቤት ውስጥ በዕቃ ስለተተከለው ደግሞ ሕጉ የተለየ ስለሆነ የአካባቢያችሁን ራቢ ወይም ቄስ ጠይቁ።